ከንግሥት አቶሳ እስከ አክስቴ፦ የጡት እብጠትና የዝምታ ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ከለመድነው የፖለቲካና የኑሮ ውድነት ጉዳይ ወጣ ይላል። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ወንዶችም አትለፉት፤ ሚስት፣ እናት፣ እህት አለቻችሁ።

አክስቴ 42 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረችም። ቀን ቀን ትሠራለች፣ ትስቃለች፤ ሌሊት ሌሊት እየዳበሰች ልጆቿን ለማን እንደምትተው ታስባለች። በኋላ ስንሰማ ሁላችንም ተቆጣናት። እሷም «አንተ ልጅ፣ ብነግራችሁ ምን ልትፈይዱልኝ? ካንሰር ከሆነ ሆኗል» አለችኝ።

ካንሰር አልነበረም። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ነበር። ሐኪሟ አልትራሳውንድ አይታ በመርፌ ፈሳሹን ስትቀዳው እብጠቱ እዚያው ሟሸሸ። አክስቴ ከክሊኒኩ ወጥታ መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለስምንቱ ወር ነው።

ይህ ነገር ስላልወጣልኝ ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርኩ። የሰው ልጅ ስለ ጡት እብጠት መቼ ምን አወቀ? ካወቀስ በኋላ ለምን ይደብቃል?

ነገሩ ጥንታዊ ነው። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ የተገለበጠ፣ ዛሬ በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚጠራ የሕክምና ፓፒረስ አለ። ጽሑፉ ደረት ላይ የሚወጡ እብጠቶችን ይለያል። ሲነኩት ቀዝቃዛ የሆነውን፣ ፈሳሽ የሌለውንና ያበጠውን ገልጾ «ሕክምና የለውም» ይላል። መግል ለቋጠረው ግን ሕክምና ያዛል። እብጠት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የዚያን ዘመን ሐኪሞችም ገብቷቸው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ንግሥት አቶሳ ትመጣለች፤ የቂሮስ ልጅ፣ የፋርሱ ንጉሥ የዳርዮስ ሚስት። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ትንሽ ሳለ አፍራ ደበቀችው። ፈርጦ መስፋፋት ሲጀምር ግን ዴሞሴዴስ የተባለውን ግሪካዊ ሐኪም አስጠራች፤ እሱም አዳናት። በኋላ ዘመን ጉዳዩን ያጠኑ ሐኪሞች «የዳነው ካንሰር ስላልሆነ፣ ምናልባት መግል የቋጠረ እብጠት ስለነበረ ይሆናል» ብለው ይገምታሉ። የዚያ ሁሉ ግዛት እመቤት በሽታዋን ለመናገር አፈረች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባላችን ለእሷም ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ 1811 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) እንዝለል። እንግሊዛዊቷ ልብ ወለድ ጸሐፊ ፋኒ በርኒ ፓሪስ ውስጥ ትኖር ነበር። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘና የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም የነበረው ላሬ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር ሆኖ ጡቷን ቆረጠው። ማደንዘዣ ገና አልተፈጠረም። ስቃዩ 20 ደቂቃ እንደፈጀ ራሷ ለእህቷ በጻፈችው ረጅም ደብዳቤ ተርካዋለች። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ገደማ ኖራ በ1840 በ87 ዓመቷ አረፈች። ካንሰር ነበር ወይ? ሐኪሞች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በዚያ ዘመን ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ስላልነበረ መልሱ ከእሷ ጋር ተቀብሯል። ምናልባት ያን ሁሉ የቀመሰችው ጉዳት ለሌለው እብጠት ነበር።

በ1829 አስትሊ ኩፐር የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም ስለ ጡት በሽታዎች በሥዕል የተደገፈ መጽሐፍ አሳተመ። ካንሰር ያልሆኑትን ለብቻ ለይቶ መግለጹ ትልቅ እርምጃ ነበር። ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶችን ጻፈ፤ በወጣት ሴቶች ላይ የሚታየውንና ጣት ሲነካው የሚንሸራተተውን፣ ዛሬ ፋይብሮአዴኖማ የምንለውንም ጻፈ። ይሁን እንጂ በዓይንና በእጅ ብቻ መለየት ምን ጊዜም ስህተት አያጣውም። ሕዋስን በማይክሮስኮፕ ማየት የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚገርመው ማይክሮስኮፑ ከመጣ በኋላም ሴቶች መልሱን የመስማት ዕድል አልተሰጣቸውም። ከ1890ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም የሃልስቴድ ዘዴ ገነነ፤ ጡቱን ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብት ዕጢዎች ጋር ጠርጎ ማውጣት ማለት ነው። ቆይቶም እንዲህ ያለ አሠራር ተለመደ፦ ሴትየዋ አስቀድማ ትፈርማለች፣ ማደንዘዣ ትወስዳለች፣ ተኝታ ሳለ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፣ ካንሰር ከሆነ እዚያው ጡቷ ይቆረጣል። ስትነቃ ጡቷ ይኑር አይኑር የምታውቀው ደረቷን ዳብሳ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እየጠበቃት እንዴት «እብጠት አገኘሁ» ብላ ሐኪም ቤት ትሂድ?

ይህን አሠራር ፊት ለፊት ከተጋፈጡት አንዷ የሙያ ባልደረባዬ ናት። ሮዝ ኩሽነር አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ነበረች። በ1974 እብጠት ስታገኝ «መጀመሪያ ናሙናው ይመርመር፤ ውጤቱን ነቅቼ ልስማ፤ ከዚያ እኔ እወስናለሁ» አለች። ይህን የሚቀበላት ሐኪም ለማግኘት ብዙ ደከመች። ጻፈች፣ ተሟገተች። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ ምርመራውና ሕክምናው ለየብቻ ይሁኑ አለ። እሷም ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች።

ቀጥሎ ሌላ ስህተት ታረመ። ከወር አበባ ጋር እየመጣ የሚሄደው የጡት መጓጎልና ሕመም «ፋይብሮሲስቲክ በሽታ» ይባል ነበር። በ1982 ሱዛን ላቭ የተባለች ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር «ይህ በእውነት በሽታ ነው?» ብላ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ጠየቀች። በ1985 ደግሞ ናሙናቸው ካንሰር ያልሆነ ከ3,300 በላይ ሴቶች ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ወጣ፤ ከመካከላቸው 70 በመቶው የካንሰር ስጋታቸው ከሌላው ሴት የተለየ እንዳልሆነ አሳየ። ሚሊዮኖች «በሽተኛ» ተብለው የኖሩት ተፈጥሯዊ ለውጥ ይዘው ነበር።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እንያዝ?

ካንሰር ያልሆኑ የተለመዱ ለውጦች እነዚህ ናቸው፦

• የወር አበባ ሲቃረብ ሁለቱም ጡቶች መክበድ፣ መታመም፣ መጓጎል፤ ሲያልፍ መቅለል።
• በወጣትነት ዕድሜ የሚታይ፣ ጠንከር ያለ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ሲነኩት የሚንሸራተት እብጠት።
• ከ35 እስከ 50 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበዛ ውኃ የቋጠረ ከረጢት፤ የአክስቴ ዓይነት።
• በምታጠባ እናት ላይ ትኩሳት ያለው፣ የቀላና የሚያም እብጠት። ይህ ካንሰር ባይሆንም ፈጥኖ መታከም አለበት።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም የሚያስፈልገው ደግሞ፦

• የወር አበባ መጥቶ ካለፈም በኋላ ያልጠፋ አዲስ እብጠት፤ ከማረጥ በኋላ ከሆነ ማንኛውም እብጠት።
• ጠጣር፣ ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ወይም ብብት ሥር የወጣ እብጠት።
• ቆዳው ሲሰረጉድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን።
• የጡት ጫፍ በቅርቡ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ሲቆስል፣ ወይም ደም ያለው ፈሳሽ ሲወጣው።
• መድኃኒት ተወስዶም ያልለቀቀ መቅላትና እብጠት።
• ወንድ ጡት ላይ የወጣ ጠጣር እብጠት።

«አያመኝም፣ ስለዚህ ምንም አይደለም» የሚለው ትልቁ ወጥመድ ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ብቻውን የመጣ ሕመም ደግሞ ካንሰር የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው።

በየወሩ በሥርዓት መዳበስስ? በቻይና ሻንጋይ 266,000 ገደማ የፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶችን ያካተተ ጥናት ውጤቱ በ2002 ወጣ። ራስን መመርመር መማር ሞትን አልቀነሰም፤ ካንሰር ላልሆነ እብጠት የሚደረገውን የናሙና ምርመራ ግን አበዛ። ስለዚህ የዛሬው ምክር ቀለል ያለ ነው፦ የጡትሽን የተለመደ ሁኔታ እወቂ፤ ሲለወጥ ተመርመሪ። የሚለየውም ሐኪሟ ስትዳብስ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ ሲታይ፣ ካስፈለገም በመርፌ ናሙና ሲወሰድ ነው። የጎረቤት ግምት አይለየውም።

አሁን ወደ እኛ። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። የገንዘብ፣ የርቀትና የወረፋው ችግር እውነት ነው፤ ለእሱ መንግሥት ይጠየቅ። በየዓመቱ በጡት ካንሰር ወር የምናሰማው መፈክር ግን የእኛው ሥራ ነው። ስለ ሞት ብቻ ከነገርናት ሴትየዋ እንደ አቶሳ ትደብቃለች። «አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ቢሆንም ቶሎ የተገኘው ይታከማል» ብንላት ግን ለመሄድ እግሯ ይፈታል።

ጸበል የምትሄድ ትሂድ፤ መንገድ ላይ ሐኪሟንም ታግኝ። ሁለቱ አይጣሉም።

አክስቴ ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አንብባዋለች። «ስሜን ብቻ አትጻፍ» አለችኝ። ከዚያ ቆይታ ደወለችና «ለዚያች ለጎረቤታችን ላክላት፤ እሷም የሆነ ነገር የደበቀች ይመስለኛል» አለችኝ።

እናንተም የምትልኩላት ሴት ካለች ዛሬውኑ ላኩላት።