ዛሪማን ከስልክ መፈለግ፦ የተማሪዎች ጥናትና የድሮ ፎቶ የት ነው ያለው?

ከደባርቅ ተነስታችሁ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስትጨርሱ ቆላው ይቀበላችኋል፤ ዛሪማ እዚያ ናት። ከጎንደር በዚህ መንገድ ወደ ሽሬ የሚሄድ ሁሉ ያልፍባታል፤ ቆም ብሎ ስለሷ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስሟን ስልካችሁ ላይ ስትጽፉም ቶሎ የሚመጣው ካርታ፣ የጦርነት ዜናና የግድብ ወሬ ነው። የአያቶቻችሁ ዘመን ገበያ፣ ወባው፣ መንገዱ ሲሠራ የነበረው ነገር የለም።

ይሄ ማለት ግን የተጻፈ ነገር የለም ማለት አይደለም። ስለ ሰሜን ጎንደር ወረዳዎች ብዙ የተጻፈው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ በሠሯቸው ጥናቶች ውስጥ ነው። የፍለጋ ሞተር እዚያ ድረስ ሁልጊዜ አይገባም። እናንተ ግን ትገባላችሁ፣ ያውም በነጻ።

ድሮ ተማሪው ሲመረቅ አንድ የተጠረዘ ኮፒ ለቤተ መጻሕፍት ያስረክብና በቃ፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። አሁን ፒዲኤፉ ከርዕሱ፣ ከአጥኚው ስም፣ ከዓመቱና ከአጭር ማጠቃለያ ጋር ሰርቨር ላይ ይጫናል። ዲጂታል ማከማቻ የሚባለው ይሄ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚጠቀመው ዲስፔስ የተባለውን ሶፍትዌር ነው፤ ኤምአይቲና ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት፣ ማንም በነጻ የሚጭነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የራሱ ማከማቻ አለው። ከነዚህ በላይ ደግሞ ናድሬ የሚባል አገር አቀፍ ማከማቻ አለ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት እዚያ እንዲቀመጥ ያዛል።

ችግሩ የሚጀምረው ስም ላይ ነው። ጥናቶቹ በብዛት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ የቦታ ስማችንን በእንግሊዝኛ ፊደል ሁሉም እንደመሰለው ይጽፈዋል። አንዱ ዛሪማ ይላል፣ ሌላው ዛሬማ። ግድቡ ራሱ በብዛት የሚጠራው ዛሬማ ተብሎ ነው፤ ስለዚህ በ‘አይ’ ብቻ የፈለገ ሰው በ‘ኢ’ የተጻፈውን ሁሉ ያጣል። ደባርቅ አንዴ በ‘ኬ’ አንዴ በ‘ኪው’ ያልቃል። አዲ አርቃይ አንድ ቃልም ሁለት ቃልም ይሆናል፣ ‘ዲ’ውም ይደገማል። ስሜንማ አይነሳ። አንድ ቦታ ስትፈልጉ ቢያንስ ሦስት አራት አጻጻፍ ሞክሩ፤ ማከማቻው አያርማችሁም።

የአስተዳደሩም ስም እንዲሁ ነው። በንጉሡ ዘመን የነበረ ጥናት ወይም የፎቶ መግለጫ ‘ሰሜን ጎንደር ዞን’ አይልም፤ ‘በጌምድርና ስሜን’ ነው የሚለው። በደርግ ጊዜ ‘ጎንደር ክፍለ ሀገር’ ሆነ። ከ2010 ዓ.ም. በፊት ያለው ‘ሰሜን ጎንደር’ ደግሞ የዛሬዎቹን የማዕከላዊና የምዕራብ ጎንደር ዞኖች ጭምር የያዘ ነው። ስለዚህ በ2005 ስለ ‘ሰሜን ጎንደር’ የተጻፈ ቁጥር አግኝታችሁ ከዛሬው ዞን ቁጥር ጋር እንዳታወዳድሩት። ዓመቱም በፈረንጅ ስለሚጻፍ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ አትርሱ።

በአማርኛ የተጻፉም አሉ፤ በተለይ ከቋንቋ፣ ከሥነ ጽሑፍና ከፎክሎር ትምህርት ክፍሎች። እዚህ ደግሞ ፊደሉ ያስቸግራል፤ ‘ሥርዓት’ና ‘ስርአት’ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ‘ሀ’ን በ‘ሐ’፣ ‘ሰ’ን በ‘ሠ’፣ ‘ጸ’ን በ‘ፀ’ እየቀያየራችሁ ፈልጉ።

ፋይሉን አወረዳችሁ እንበል። ማጠቃለያውን ብቻ አንብባችሁ አትዝጉት። የሕዝብ ጤና ጥናት ከሆነ ‘የጥናቱ አካባቢ’ የሚለውን ክፍል ፈልጉ፤ የወረዳው ቀበሌ ብዛት፣ ከፍታው፣ የጤና ጣቢያው ሁኔታ እዚያ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የታሪክ ጥናት ከሆነ ግን ቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጾች ሂዱ። የታሪክ ተማሪዎች ያነጋገሯቸውን ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜና የተነጋገሩበትን ቦታ በዝርዝር ማስቀመጥ ልማዳቸው ነው። ለኛ ከጥናቱ ሁሉ ውዱ ይሄ ነው። የናንተ አያት፣ ወይም የጎረቤታችሁ አያት፣ ከአርባ ዓመት በፊት ለአንድ ተማሪ የነገሩት ነገር እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። እሳቸው በሕይወት ባይኖሩም ቃላቸው አለ፤ ቤተሰቡ ግን ጥናቱ መኖሩን አያውቅም።

ይህ የመስክ ልማድ ጎንደር ላይ ሥሩ ጥልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ 7,000 ገደማ ሰው ጨረሰ። በዓመቱ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች በቡድን ሆነው ገጠር እየወጡ ነበር የሚሠለጥኑት፤ ቆላ ድባ አንዱ መሠልጠኛቸው ነበር። በዛሪማው መንገድ ላይ ያለችው ዳባት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው የምርምር ማዕከል ናት፤ የተመረጡ ቀበሌዎች ልደትና ሞት ቤት ለቤት ይመዘገባል። ‘ዳባት’ ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣው ጥናት ብዛት ያስገርማችኋል። ዛሪማና አዲ አርቃይ ያን ያህል ዕድል አላገኙም።

የታሪክ ጥናቶቹን ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አትለፉት። እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የተመሠረተው፣ የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የቆዩ የታሪክ ተማሪዎች ጽሑፎችና የታሪክ ፎቶዎች እዚያ ተቀምጠዋል። ፓንክረስት ከዴኒስ ዤራር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 ኢትዮጵያ ውስጥ የተነሱ ፎቶዎችን በመጽሐፍ አሰባስበዋል።

ፎቶ ሲባል ጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይሄን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። ከ140 ዓመት በኋላ በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያኑ ቦታዎች ፈልገው፣ ያው አንግል ላይ ቆመው እንደገና አነሱ። ‘ድሮ ሁሉም ደን ነበር’ ሲባል እንሰማለን አይደል? ፎቶዎቹ ሌላ ነገር አሳዩ፤ ዘመቻው ባለፈባቸው በነዚያ የሰሜን መልክዓ ምድሮች መሬቱ ያኔም ተራቁቶ ነበር፣ የዛሬው የዛፍ ሽፋን ይሻላል። ዘመቻው በጎንደር በኩል ስላልመጣ ይህ ለኛ ተራሮች አይሠራም፤ ዘዴው ግን ይሠራል። አንድ የድሮ ፎቶና አንድ ስልክ ነው የሚፈልገው።

ሌላም አለ። ጣሊያን ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ያነሳቸው 34,000 ገደማ ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራ ኤጀንሲ ውስጥ፣ አራት አራት ሆነው ከ8,000 በላይ ጠንካራ ካርቶን ላይ ተለጥፈው ተገኙ። የጌንትና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከኤጀንሲው ጋር ስካን አደረጓቸው። ለወረራ የተነሳ ፎቶ ዛሬ ደንና የእርሻ መሬት ይለካበታል።

የድሮ ፎቶዎች ትልቁ ጉድለት ስም ነው። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ‘የገበያ ቀን፣ ሰሜን ኢትዮጵያ’ ተብሎ ያልቃል፤ ሰውየው ማን እንደነበሩ አይታወቅም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ እየቀነሱ ነው። ስለዚህ የአካባቢያችሁን ፎቶ ካገኛችሁ ስክሪንሹት አንስታችሁ አትልቀቁት፤ ጥራቱ ይሞታል፣ መግለጫውም ይቆረጣል። ዋናውን አውርዱ፣ በቴሌግራም ስትልኩ ‘ፋይል’ አድርጋችሁ ላኩት፣ ቋሚ አድራሻውን አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ ለትልልቆች አሳዩና የሚሉትን በድምፅ ቅዱ። የሰው ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስም፣ ወንዙ ከበስተየት እንደሆነ፣ ሁሉም ይጠቅማል። ማከማቻውን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች በኢሜይል ብትልኩት መግለጫው ላይ ሊጨመር ይችላል።

ወረቀት ብቻ የሆነ ነገር ምን እንደሚሆን በ2014 አይተናል። ወልድያና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች በጦርነቱ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ሌላ ቦታ ኮፒው ያለ ጥናት ይተርፋል፤ የሌለው አይተርፍም።

አንዳንድ ፋይሎች ማጠቃለያቸው ብቻ ክፍት ሆኖ ሙሉው ዝግ ይሆናል። ያኔ የአጥኚውን ስም ይዛችሁ ፌስቡክ ወይም ሊንክድኢን ላይ ፈልጉትና ጻፉለት። ከየት እንደሆናችሁ ንገሩት፤ ከጥናቱ ቦታ የመጣ አንባቢ ብዙ ጊዜ ስለማያጋጥመው ፒዲኤፉን ደስ ብሎት የሚልክ አጥኚ ጥቂት አይደለም።