የዳታቤዝ ዕይታ ለክላውድ ትንተና

የዳታቤዝ ዕይታ፣ በባለሙያዎች አነጋገር ቪው፣ በስም የተቀመጠ ጥያቄ ሲሆን ተጠቃሚው እንደ ማንኛውም ሠንጠረዥ ሊያነበው ይችላል። ተራ ዕይታ የራሱ ዳታ የለውም፤ በተጠራ ቁጥር ከሥሩ ካሉት ሠንጠረዦች እየሰበሰበ ያቀርባል። ድርጅቶች የዕለት ሥራቸውን ከሚመዘግቡበት ዳታቤዝ ወደ ክላውድ የትንተና አገልግሎት፣ ለምሳሌ ወደ ጉግል ቢግኩዌሪ ወይም ወደ ማይክሮሶፍት ፓወር ቢአይ፣ ዳታ ሲያስገቡ ሠንጠረዦቹን በቀጥታ ከማስነበብ ይልቅ ለዚሁ የተዘጋጀ ዕይታ ቢያቀርቡ ይመረጣል። አስገቢው ፕሮግራም የሚያውቀው የዓምዱን ስምና ዓይነት ብቻ ነው። ዓምዱ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የምንጩ ዳታቤዝ ባለቤት ስለሆነ፣ ትርጉሙ መስተካከል ያለበት ዳታው ከመውጣቱ በፊት ነው።

አመጣጥ

የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ዳታን በሠንጠረዥ መልክ የሚያደራጀውን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። ከዓላማዎቹ አንዱ ተጠቃሚው ዳታው በውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ማወቅ ሳያስፈልገው እንዲሠራ ማስቻል ነበር። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቁት ቋንቋ ኋላ ኤስኪውኤል ለመባል በቃ፤ ዕይታም የሚፈጠረው በዚሁ ቋንቋ ነው። በዕይታ በኩል ሠንጠረዥን ማሻሻል ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለትንተና የሚዘጋጅ ዕይታ የሚነበብ ብቻ ስለሆነ ያ ክርክር እዚህ ቦታ የለውም።

የዓምድ ስምና ዓይነት

ዕይታው የሚያወጣቸውን ዓምዶች አንድ በአንድ መጥራት ይኖርበታል። «ሁሉንም አምጣ» የሚለው የኮከብ ምልክት ለጊዜው ያቀላል፤ ነገር ግን ፖስትግሬስኪውኤልና ማይኤስኪውኤል ኮከቡን የሚተረጉሙት ዕይታው በተፈጠረበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ በሠንጠረዡ ላይ የተጨመረ ዓምድ በዕይታው ውስጥ አይታይም። ፖስትግሬስኪውኤል ነባር ዕይታ ሲተካ የቀድሞዎቹ ዓምዶች በስማቸው፣ በዓይነታቸውና በቅደም ተከተላቸው እንዲቆዩ ያስገድዳል፤ አዲስ ዓምድ የሚፈቀደው በመጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ይህ ገደብ አንዳንዴ ቢያናድድም ለአስገቢው ወገን ጥሩ ጠባቂ ነው።

ስሞቹ በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ በቁጥርና በሥር መስመር ቢወሰኑ በየትኛውም አገልግሎት ያለ ችግር ያልፋሉ። በፖስትግሬስኪውኤል ውስጥ በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ዓምዶች አብረው ሊኖሩ ሲችሉ ቢግኩዌሪ ግን እንደ አንድ ስም ስለሚቆጥራቸው አይቀበላቸውም።

ዓይነትን በተመለከተ ገንዘብ በአስርዮሽ ቁጥር እንጂ በተንሳፋፊ ነጥብ መላክ የለበትም። የቢግኩዌሪ መደበኛ አስርዮሽ ቁጥር በጠቅላላው 38 አኃዝ፣ ከነጥብ በኋላ ደግሞ 9 አኃዝ ይይዛል፤ ከዚያ የረዘመ ስሌት በዕይታው ውስጥ መጠጋጋት ይኖርበታል። የስልክ ቁጥርና የመታወቂያ ቁጥር ስማቸው ቁጥር ቢሆንም የሚደመሩ ነገሮች አይደሉም። በጽሑፍ ዓይነት ካልተላኩ ዓይነትን በግምት የሚወስን አስገቢ ከ09 የሚጀምረውን ስልክ መነሻ ዜሮ ያጠፋዋል።

የአንድ ረድፍ ትርጉም

እያንዳንዱ ዕይታ «አንድ ረድፍ ምንን ይወክላል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ሊኖረው ይገባል። አንድ ደንበኛ የ1,000 ብር ዕቃ አዝዞ በሁለት ጊዜ ከፈለ እንበል። ዕይታው የትእዛዝና የክፍያ ሠንጠረዦችን በቀጥታ ቢያጣምር ያ ትእዛዝ ሁለት ረድፍ ይሆናል፤ በሁለቱም ላይ 1,000 ብር ተጽፎ ስለሚገኝ የሽያጩ ድምር 2,000 ብር ይመጣል። ምንም ዓይነት የስህተት መልእክት አይታይም። መፍትሔው ክፍያዎችን አስቀድሞ በየትእዛዙ መደመር፣ ወይም ለትእዛዝና ለክፍያ የተለያዩ ዕይታዎችን ማዘጋጀት ነው።

ቀንና ሰዓት

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመዘግብ ድርጅት ካለ አደጋው ከሁሉ የከፋው እዚህ ላይ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 2023 ነው። በመዝገቡ ላይ 29/4/2015 ተብሎ ከተጻፈ ግን አስገቢው ኤፕሪል 29 ቀን 2015 ብሎ ያነበዋል፤ ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት የተፈጸመ ድርጊት ሆኖ ይቀመጣል። የጳጉሜን ቀናት 13ኛ ወር ስለሆኑ፣ የጥቅምት 29 እና 30 ደግሞ ፌብሩዋሪ 2015 28 ቀን ብቻ ስለነበረው ይመለሳሉ። 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ነበር፤ ስለዚህ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ከዓመቱ 366 ቀናት ውስጥ 8ቱን ብቻ ውድቅ አድርጎ 358ቱን በተሳሳተ ትርጉም ይቀበላል። ጥቂት ረድፎች ብቻ መውደቃቸውን ያየ ሰው ሌላው በትክክል ገብቷል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

ለዚህ የሚሠራው መንገድ ለእያንዳንዱ ቀን ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የያዘ የቀን ሠንጠረዥ ነው። የ100 ዓመት ቀናት 36,525 ረድፍ ገደማ ስለሚሆኑ ለዳታቤዝ ሸክም አይደለም። ዕይታው ከዚህ ሠንጠረዥ ጋር ተጣምሮ የአውሮፓውን ቀን በቀን ዓይነት፣ የኢትዮጵያውን ዓመትና ወር ደግሞ በተለዩ ዓምዶች ያወጣል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1፣ ማለትም ጁላይ 8፣ ስለሚጀምር የበጀት ዓመቱም በዚያው ቢሰላ ተንታኙ በእያንዳንዱ ሪፖርት ላይ እንደገና አይቸገርም።

ሰዓትም የራሱ ጣጣ አለው። ቢግኩዌሪ ቅጽበትን የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ሲሆን የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተፈጸመ ግብይት በመደበኛው ሰዓት ሲቆጠር የቀደመው ቀን ይሆናል። ዕይታው ቅጽበቱን ከነሰዓት ክልሉ፣ የአገር ውስጡን ቀን ደግሞ በሌላ ዓምድ ቢያቀርብ የዕለት ድምሮች ከቅርንጫፉ መዝገብ ጋር ይገጥማሉ።

የአማርኛ ጽሑፍ

ፋይሎች በዩቲኤፍ-8 መላክ አለባቸው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዚህ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ርዝመትን በባይት የሚቆጥር ገደብ የአማርኛን ቃል ከታሰበው ቀድሞ ይቆርጠዋል። ሌላው ችግር የሞክሼ ፊደላት ነው። ዓለሙና አለሙ፣ ኃይሉና ሀይሉ ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው፤ በስም የተመደበ ቆጠራም ይከፋፈላል። ዕይታው የመጀመሪያውን አጻጻፍ ሳይነካ ሞክሼዎችን ወደ አንድ ያመጣ ተጨማሪ ዓምድ ሊያወጣ ይችላል። የሰው ስም ሕጋዊ መለያ ስለሆነ ዋናውን መተካት አይገባም።

ለውጦችን ብቻ ማስገባት

ብዙ ረድፍ ያለውን ዳታ በየቀኑ ሙሉ በሙሉ መጫን ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ ዕይታው ረድፉ መጨረሻ የተለወጠበትን ጊዜ የሚያሳይ ዓምድ ይኖረዋል፤ አስገቢውም ከባለፈው ወዲህ የተለወጡትን ብቻ ይወስዳል። ዕይታው ሁለት ሠንጠረዦችን የሚያጣምር ከሆነ ይህ ጊዜ ከሁለቱ የኋለኛው መሆን አለበት፤ አለዚያ የደንበኛው ከተማ ሲለወጥ የትእዛዙ ረድፍ እንዳልተለወጠ ተቆጥሮ ይታለፋል። በፖስትግሬስኪውኤል የተለመደው የሰዓት ተግባር የሚሰጠው ሥራው የጀመረበትን እንጂ የጸደቀበትን ጊዜ ስላልሆነ፣ ዘግይቶ የጸደቀ ለውጥ እንዳያመልጥ ከባለፈው ጊዜ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ድግግሞሽ የሚወገደው ዕይታው ልዩ መለያ ዓምድ ካለው ብቻ ነው። ከምንጩ የተሰረዘ ረድፍ ደግሞ በዕይታው ስለማይታይ በክላውድ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ከመሰረዝ ይልቅ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ማድረግ ይሻላል።

ጥያቄው ከባድ ሲሆን ውጤቱን የሚያከማች ዕይታ መጠቀም ይቻላል። ፖስትግሬስኪውኤል ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 9.3ኛ እትሙ ነው። የተከማቸው ዕይታ እስኪታደስ ድረስ የቆየ ዳታ ስለሚያሳይ እድሳቱ ከማስገቢያው ሰዓት መቅደም አለበት።

የግል መረጃ

በዕይታው ያልተጠራ ዓምድ ወደ ክላውድ አይሄድም። የአስገቢው ፕሮግራም መለያም ዕይታውን ብቻ የማንበብ ፈቃድ ሊሰጠው፣ ከሥሩ ያሉትን ሠንጠረዦች ግን ሊከለከል ይችላል። የክላውድ አገልግሎት ማዕከላት በአብዛኛው ከአገር ውጭ ስለሚገኙ ይህ በኢትዮጵያ የሕግ ጉዳይም ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ወደ ሌላ አገር ማስተላለፍን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች አሉት። ለትንተና ዕድሜና ክፍለ ከተማ የሚበቁ ከሆነ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና የቤት ቁጥር ከዕይታው ውጭ ይቀራሉ።