ከሹፌሩ ጎን የቆመው ሐኪም

የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ይደነግጋል። ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ሲደርስ ሁለት ሙያዎችን በስም ይጠራል፤ ሐኪምንና ሹፌርን። የሌላውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ ያለበት እንዲህ ያለ ሰው በቸልተኝነት ቢገድል ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ነው። እኔ በጠበቃነት ሥራዬ የቆምኩት ለሐኪሙ ወገን ነው። ሐኪም ስል ነርሱን፣ አዋላጇንና ጤና መኮንኑንም ማለቴ ነው። የምሠራበት አገር ከጉና ግርጌ ተነስቶ እስከ ዓባይና በሽሎ ገደል የሚወርደው ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው። እዚያ ሐኪሙ ፍርድ ቤት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ሳይመጣ በመቅረቱ ነው።

ነገሩ ዱሮ እንዲህ አልነበረም። አጥንት ሲሰበር ወጌሻ፣ ምጥ ሲጠና የልምድ አዋላጅ ይጠራል። ወጌሻው እጅ ቢያጣምም ሰውየው ጎረቤት ነው፤ ጠቡም እርቁም በሽማግሌ ያልቃል። እናት በምጥ ብትሞት እግዜር ጠራት ይባላል፤ አዋላጇም ከለቀስተኛው ጋር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ክስ የሚባል ነገር ማንም አያስብም።

በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ወባ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ተከፈተና ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች መላክ ጀመረ። የመጣው ባለሙያ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፤ አገሬው ዘሩን አያውቀውም፤ ሲሳሳት በሽማግሌ የሚያስታርቀው ዘመድ የለውም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከትሎ መጣ። አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ካልጠበቀ ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። አንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋም በሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። ያኔ 1,000 ብር ብዙ ነበር። ቁጥሩ ዛሬም እዚያው ተጽፎ አለ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በዚህ በእኛ ዘመን ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀበሌ ለቀበሌ ገቡ፤ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተስፋፋ። እናቶች ቤት እንዳይወልዱ ተመከሩ፣ ተለመኑ። ብዙ ነፍስ ድኗል፤ ይህን የሚክድ የለም። ወሊዱ ከቤት ወደ ጤና ጣቢያ ሲዛወር ግን ያልዳነችው እናት ሞትም አብሮ ተዛወረ። ቤቷ ስትሞት ተጠያቂ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ስትሞት ተረኛ አለ፤ ስሙም በወረቀት ሰፍሯል።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ተቋሙንም ሰዎቹንም አልጠራም። አንዲት እናት ሌሊት በሰላም ወለደች፤ ከወለደች በኋላ ደም አልቆም አለ። ተረኛዋ አዋላጅ ኦክሲቶሲን ሰጠች፣ ማኅፀኗን አሸች፣ ግሉኮስ ሰቀለች፣ አምቡላንስ ጠራች። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። ደም የሚሰጠው ሆስፒታል ደግሞ ሰዓታት ይርቃል። ቤተሰቡ በወሳንሳ አንስቶ ወደ አስፋልቱ ሲወጣ መንገድ ላይ አረፈች። በማግስቱ አዋላጇ ታሰረች።

ያዳናት ካርዱ ነው። ደሙ የጀመረበትን፣ መድኃኒቱ የተሰጠበትን፣ ስልክ የተደወለበትን ሰዓት በየደቂቃው ጽፋ ነበር። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 69 በሙያው ተቀባይነት ባለው አሠራር የሠራና ከባድ የሙያ ጥፋት ያልፈጸመ ሰው አይቀጣም ይላል። የባለሙያዎች አስተያየትም ጥፋት የለባትም ብሎ መጣ፤ መዝገቡ ተዘጋ።

ደስ ብሎኝ ስወጣ ባልየው ደጅ ቆሟል። «እሽ ጌታው» አለኝ፣ «እሷም አልገደለቻትም። ታዲያ ማን ገደላት?»

የሷ ጠበቃ ስለሆንኩ ለእሱ ልቆምለት አልችልም። ሌላ ጠበቃ እንዲያማክር፣ በአንቀጽ 2143 መሠረት ያለው ጊዜ 2 ዓመት ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። አንቀጽ 2126 በሥራ ጥፋት ለደረሰ ጉዳት መንግሥትን መጠየቅ ይፈቅዳል፤ ለልጆቹም ቀለብ የመጠየቅ መብት አለ። የሕሊና ካሳውን ጣሪያ ስነግረው «ወሳንሳ የተሸከሙትንም አያበላ» አለና ሄደ።

በሕጉ የሚጠየቀው ጥፋት ያጠፋ ሰው ነው። የመንገዱ ርቀት ተከሳሽ ሆኖ አይጠራም። አንድ አምቡላንስ ለሰፊ ወረዳ መመደቡ ጥፋት ነው ወይስ ድህነት ነው? ይህን ጥያቄ ዳኛ ፊት የሚያቀርብ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚያየው በዚያች ሌሊት ተረኛ የነበረችውን ሴት ነው። እሷ ከታሰረች ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ከተፈታችም እንዲሁ። በሚቀጥለው ሌሊት ግን ሌላ ምጥ አለ፤ አምቡላንሱም ያው አንድ ነው። እስር የፈራ ባለሙያ ደግሞ እጁ ላይ ሊያድናት የሚችላትን ሴት ሳይነካ «ሪፈር» ብሎ ይሸኛታል። ያን ጊዜ ፍርሃቱን የምትከፍለው በወሳንሳ ያለችው ናት።

ስለዚህ ለወጣት ደንበኞቼ ሁሌ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ካርድ ላይ የሠራችሁትን ብቻ ሳይሆን ያጣችሁትንም ጻፉ። «አምቡላንስ ተጠርቷል፣ የለም»፣ «ደም የለም» ብሎ መጻፍ የሚፈሩ አሉ፤ አለቃን መክሰስ ይመስላቸዋል። ይጻፉት፣ ሰዓቱንም ያስፍሩበት። ያቺ መስመር ባለሙያውን ከእስር ታስፈታለች። ለባልየው ደግሞ ማን ገደላት ብሎ ፍርድ ቤት ሲቆም በእጁ የምትኖረው ብቸኛ ማስረጃ እሷ ናት።