ከእልፍኝ ወደ አዳራሽ፦ የቪየናው የኳርቴት ወቅት

የአንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ዕጣ የሚወሰነው በደራሲው የጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ብቻ አይደለም። ሥራው የሚቀርብበት ቤት፣ የባለሙያዎቹ ዝግጅትና የአድማጩ ትዕግሥትም የየበኩላቸውን ይፈርዳሉ። ይህን አጉልተው ከሚያሳዩት የታሪክ ምዕራፎች አንዱ በ1825 እና በ1826 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በቪየና ከተማ፣ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ የተካሄደው የኳርቴት ወቅት ነው።

በሁለት ቫዮሊን፣ በአንድ ቪዮላና በአንድ ቼሎ የሚጫወተው ኳርቴት «የእልፍኝ ሙዚቃ» ከሚባለው ወገን ነው። ስያሜው የመጣው ከቦታው ነው፤ ሙዚቃው ያደገው በመኳንንት እልፍኝ ውስጥ፣ በጥቂት እንግዶች ፊት ነበርና። በ1790ዎቹ በልዑል ሊክኖቭስኪ ቤት ዐርብ ዐርብ ጠዋት ኳርቴት ይቀርብ ነበር። በቪየና የሩሲያ አምባሳደር የነበረው ራዙሞቭስኪም ከ1808 ጀምሮ አራት ባለሙያዎችን በደመወዝ ቀጥሮ ያኖር ነበር። በሁለቱም ቤት አንደኛውን ቫዮሊን የያዘው በ1776 የተወለደው ኢግናትስ ሹፓንዚግ ነበር።

ይህ ኑሮ ለሙዚቀኛው እንጀራ ይሰጠዋል፤ ጥበቡን ግን ከጌታው ዕድል ጋር ያስረዋል። በ1814 የመጨረሻ ሌሊት የራዙሞቭስኪ ቤተ መንግሥት በእሳት ሲጋይ የኳርቴቱም መሠረት አብሮ ተናጋ። ብዙም ሳይቆይ ጓዱ ተበተነ፤ ሹፓንዚግም በ1816 ወደ ሩሲያ ሄደ።

በ1823 ሲመለስ ሌላ መንገድ ያዘ። ካርል ሆልትስን፣ ፍራንትስ ቫይስንና ዮሴፍ ሊንከን ይዞ ለወቅቱ አስቀድሞ ገንዘብ ለሚከፍል አድማጭ ሁሉ ኳርቴት ማቅረብ ጀመረ። የዚህን ዓይነት ዝግጅት በ1804 እና በ1805ም ሞክሮት ነበር። አሁን ግን የቪየና የሙዚቃ ወዳጆች ማኅበር «ቀዩ ጃርት» በተባለው ሕንፃ ውስጥ የነበረው ትንሽ አዳራሽ ተገኘለት። በእልፍኝ ውስጥ ባለቤቱ ጌታው ነበር፤ እዚህ ግን ወንበሩ የከፋዩ ነው። ከፋዩም የመውደድ ብቻ ሳይሆን የመሰልቸት መብትም አለው።

በዚሁ ጊዜ ቤቶቨን፣ ጆሮው ፈጽሞ ደክሞ፣ ወደ ኳርቴት ድርሰት ተመልሶ ነበር። ለዚህ ምክንያት የሆነው ልዑል ኒኮላይ ጎሊትሲን በ1822 ከሩሲያ ጽፎ ከአንድ እስከ ሦስት ኳርቴቶች እንዲደርስለት መጠየቁ ነው። ነገሩ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ትእዛዙ የመጣው ከልዑል ነው፣ በአደባባይ ቀድሞ የፈረደው ግን ባለ ትኬቱ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፣ በሥራ ቁጥሩ 127 የሆነው ኳርቴት፣ በመጋቢት 6 ቀን 1825 ቀረበ። ደራሲው አራቱ ተጫዋቾች የቻሉትን ሁሉ እንዲያደርጉ በክብራቸው የሚያስምል፣ ግማሹ ቀልድ ግማሹ ቁም ነገር የሆነ ጽሑፍ አዘጋጅቶ አስፈርሟቸው ነበር። ይሁን እንጂ ፊርማ የልምምድን ጊዜ አይተካም። ሥራው ዘግይቶ ተጠናቆ በጥቂት ዝግጅት ለመድረክ በመብቃቱ አልተሳካም፤ ብዙው አድማጭም ግራ ተጋብቶ ወጣ።

ቤቶቨን ተቆጥቶ ሥራውን በቪየና የሙዚቃ ትምህርት ቤት የቫዮሊን መምህር ለነበረው ለዮሴፍ ቦም ሰጠ። ልምምዱ በራሱ በደራሲው ፊት ተካሄደ። ሙዚቃውን መስማት ያልቻለው ሰው ዓይኑን በቀስቶቹ ላይ ተክሎ፣ ፍጥነቱ የት እንደ ዘገየና የት እንደ ተዛነፈ ከእንቅስቃሴያቸው ያነብ ነበር። ቦምም ኳርቴቱን በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አቀረበው፤ ሥራውም ተወደደ። ከሣምንታት በፊት በዚያች ከተማ የወደቀውና አሁን የተነሣው ድርሰት አንድ ነው፤ የተለወጡት ዝግጅቱና የመስሚያው ጊዜ ናቸው።

ቀጣዩ፣ የሥራ ቁጥር 132፣ በመስከረም 1825 በአንድ ማረፊያ ቤት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዎች ከተሰማ በኋላ በኅዳር 6 ቀን ለሕዝብ ቀረበ። ከሁሉም የከበደው ፈተና ግን በመጋቢት 21 ቀን 1826 መጣ። የዚያን ዕለት ሹፓንዚግና ጓደኞቹ ስድስት ክፍሎች ያሉትን ኳርቴት፣ የሥራ ቁጥር 130ን፣ አሰሙ። ከመካከለኞቹ አጫጭር ክፍሎች ሁለቱ በአድማጩ ጥያቄ ተደገሙ። መዝጊያው 741 መለኪያ ያለው ታላቅ ፉጋ ግን አልገባቸውም። በአቅራቢያው መጠጥ ቤት ሆኖ ወሬውን ይጠብቅ የነበረው ቤቶቨን ሁለቱ ክፍሎች ተወድደው ፉጋው መተዉን ሲሰማ ተናደደ።

ነገሩ በንዴት አልቆመም። አሳታሚው ማቲያስ አርታሪያ በሆልትስ በኩል ሌላ መዝጊያ እንዲጻፍ ጠየቀ፤ ለብቻውም ዋጋ እንደሚከፍል አስታወቀ። በግትርነቱ የታወቀው ደራሲ ተስማማ። አዲሱን መዝጊያ በኅዳር 1826 ፈጸመ፤ ፉጋው በሥራ ቁጥር 133 ለብቻው ታተመ። ቤቶቨን በመጋቢት 26 ቀን 1827 ዐረፈ፤ አዲሱ መዝጊያ ያለው ኳርቴት ደግሞ በሚያዝያ 22 ቀን፣ ደራሲው በሌለበት፣ በሹፓንዚግ ተሰማ።

ይህን መስማማት ሽንፈት ነው የሚሉ አሉ፤ ብስለት ነው የሚሉም አሉ። ዛሬ ኳርቴቶች አንዳንዴ በአዲሱ መዝጊያ፣ አንዳንዴ በፉጋው ይጨርሳሉ። የ1826ቱ አድማጭ «አልገባኝም» ማለቱ ነውር አልነበረም፤ ያልገባውን ያልገባው ብሏል። ነውር የሚሆነው የአንድን ምሽት ጭብጨባ ወይም ዝምታ የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ መያዝ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ለጥበብ ጥራት ተቆርቋሪ ነኝ ባይ አዘጋጅ ሥራውን ሳያዘጋጅ አውጥቶ ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ ቢጥል፣ የ1825ቱ መጋቢት ይመሰክርበታል።

ትንሹ አዳራሽ ያበረከተው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በሰፊ መድረክ የወደቀን ሥራ ደግሞ ለማንሣት ብዙ ወጪና ብዙ ሰው ይጠይቃል። አራት ሰዎች፣ አራት መሣሪያዎችና ጥቂት ወንበሮች ባሉበት ግን ከባዱን ሥራ በሣምንታት ውስጥ ደግሞ መስማት ይቻላል። በዚያው ማኅበር አዳራሽ ፍራንትስ ሹበርት በመጋቢት 26 ቀን 1828፣ ልክ ቤቶቨን ባረፈ በዓመቱ፣ በሥራዎቹ ብቻ የተሞላ ዝግጅት አቀረበ፤ በሕይወቱ ያደረገው እንዲህ ያለ ዝግጅት ያ ብቻ ነበር። እልፍኙን ለሕዝብ መክፈት ማለት በሩን ገርበብ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ ለገባው ሰው ሁለተኛ የመስሚያ ዕድል መስጠትም ነው።