ዓውደ ዓመትና የከፍታ ልምምድ

የረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ እስካሁን በአብዛኛው የተጻፈው በሰዓትና በሜዳልያ ነው። ሯጩ ለዚያ ሰዓትና ለዚያ ሜዳልያ ሲል ከቤተ ሰቡ ርቆ ያሳለፋቸው ዓውደ ዓመቶች ግን በማንኛውም የውጤት መዝገብ አይገኙም። የኢትዮጵያን ሯጮች ድል ከዘመን መቁጠሪያው ጋር አስተያይቶ ለሚመለከት ሰው፣ የሩጫው ወቅትና የበዓሉ ወቅት ሲጋጩ የኖሩት ከመጀመሪያው ድል አንሥቶ መሆኑ ግልጽ ይሆንለታል።

አበበ ቢቂላ በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ በማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ውድድሩ ያለቀው ከጨለመ በኋላ ስለ ነበረ የኢጣልያ ወታደሮች በአፒያ መንገድ ዳር ቆመው ችቦ ያበሩ ነበር። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ከቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሲደርስ፣ በአገር ቤት ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያ ምሽት በአገሩ የአዲስ ዓመት ችቦ የሚለኮስበት ምሽት ነው። ከ12 ዓመት በኋላም ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ በሙኒክ ማራቶን ሦስተኛ ሆኖ የነሐስ ሜዳልያ ያገኘው እንደዚሁ በጳጉሜን 5 ቀን፣ በ1964 ዓ.ም. ነበር። ደራርቱ ቱሉ በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቋን ለሁለተኛ ጊዜ የወሰደችው መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲሆን፣ መስቀል ከዋለ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

የሯጮች ከቤት መራቅ በዓለም ዙሪያ የሙያው ደንብ ወደ መሆን የደረሰው ግን ከሜክሲኮ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ ኦሊምፒክ ለሜክሲኮ ከተማ በተሰጠ ጊዜ ብዙ አገሮች ሠጉ። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። የኦክሲጅኑ ድርሻ በየትም ቦታ 21 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ግፊቱ ሲቀንስ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ፈረንሳይ በፒሬኔ ተራራ በፎን ሮሜ፣ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ የልምምድ ጣቢያ አቋቋመች፤ አሜሪካኖችም በካሊፎርኒያ ተራራ በኤኮ ሰሚት፣ 2,250 ሜትር ላይ የመሮጫ ሜዳ ሠርተው ቡድናቸውን እዚያ አሠፈሩ።

ውጤቱም ሥጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ አሳየ። ከ1,500 ሜትር እስከ ማራቶን ያሉትን የሩጫ ውድድሮች በሙሉ ያሸነፉት አፍሪካውያን ነበሩ። የ10,000 ሜትር የዓለም ባለ ክብረ ወሰን የነበረው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ስድስተኛ ወጥቶ ከመድረሻው ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። በዚሁ ርቀት ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ሁለተኛ የሆነው ማሞ ወልዴ፣ ከሳምንት በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸነፈ። ይህ ሰዓት አበበ በቶኪዮ ካስመዘገበው በስምንት ደቂቃ የዘገየ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሥሥ አየር ማንንም ፈጣን አያደርግም፤ የለመደው ሰው ከሌላው ያነሰ ይዘገያል እንጂ።

ነገሩን ለመሐንዲስ በሞተር ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ ደጋ ላይ አሥር ዓመት ቢሠራም ያጣውን አይመልስም። የሰው አካል ግን ይመልሳል። ኩላሊት የኦክሲጅንን ማነስ ሲረዳ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ የሚያዝዝ ሆርሞን ያመነጫል። ሆኖም ይህ ሥራ ሳምንታትን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን፣ በ2,500 ሜትር ላይ እያደሩ በ1,250 ሜትር ላይ የተለማመዱ ሯጮች ከአራት ሳምንት በኋላ መሻሻላቸውን አሳይተዋል። ለሁለት ቀን በዓል ወደ ቆላ ወርዶ መመለስ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ከእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ላይ መጉዞውና ድካሙ የሚወስደው ቀን ብዙ ነው። የሯጩ መለየት ምክንያቱ ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ደጋማ መሬት ለባዕድ ሯጭም ካምፕ ሆኗል። እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ በተደጋጋሚ በሱሉልታ ልምምድ አድርጓል። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሳለ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሰባት አገር ዜጎች እንዳይገቡ የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ፤ ሶማሊያም ከሰባቱ አንዷ ነበረች። በሶማሊያ ምድር የተወለደው ሯጭ፣ ሚስቱና ልጆቹ በኦሬጎን ስለ ነበሩ፣ አባታቸው ወደ ቤት ላይመለስ ይችላል ብሎ ለልጆቹ መንገር እንዳይኖርበት ሠግቶ ሐዘኑን በይፋ ገለጸ። ትእዛዙ እርሱን እንደማይመለከት የተረጋገጠው በኋላ ነው። ለጥቂት ሳምንታት የታሰበ መለየት ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ከፍታው ቤቱ ለሆነው ለኢትዮጵያዊው ሯጭ መለየቱ ይቀራል ማለት ግን አይደለም። የበቆጂና የአሰላ ልጆች ከ2,400 ሜትር በላይ ተወልደው ሳለ፣ ክለብና አሠልጣኝ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ከእንጦጦ ጫካ እስከ ሰንዳፋና አቃቂ አስፋልት እየተዘዋወሩ ይለማመዳሉ። በጥር ወር የሚደረገው የዱባይ ማራቶን ዝግጅት ደግሞ ከነቢያት ጾምና ከገና ጋር ይገጥማል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዱባይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ያሸነፈው ጥር 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ሲሆን፣ ገና ካለፈ 11ኛው ቀን፣ ለጥምቀትም የቀረው ሁለት ቀን ነበር። የዶሮው ወጥና የጠላው ሽታ በሌሎች ቤት በሚያውድበት ሰሞን የማራቶን ሯጭ ኪሎ ሜትሩን ይቆጥራል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች የእነዚህን ሯጮች ድል የአየሩ ስጦታ አድርገው ይተርካሉ። የላ ፓዝ ሕዝብ በ3,600 ሜትር ላይ ይኖራል፤ ቲቤቶችም ከዚያ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ከፍታው ብቻውን የማራቶን ባለ ድል አላደረጋቸውም። ከፍታ መነሻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በየማለዳው የሚሠራ ሥራና በየዓመቱ የሚከፈል መለየት ነው። ከመንገድ ሥራ ሠፈርና ከግድብ ቦታ ሆኖ የልጆቹን የእንቁጣጣሽ ዘፈን በስልክ የሰማ የሙያ ባልደረባ ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። የሯጮቻችን ታሪክ ወደ ፊት ሲጻፍ እንግዲህ፣ ከሰዓቱና ከሜዳልያው ጎን የዋሉበት ዓውደ ዓመትም፣ በቤት የጠበቋቸው ሰዎችም ቢመዘገቡ ታሪኩ የበለጠ እውነተኛ ይሆናል።