አሻራ ማንበቢያው «አላውቅህም» ሲል ምን ይደረጋል? ስለ ፋይዳ ማወቅ ያለባችሁ

ድሮ መፈረም የማይችል ሰው አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀት ላይ ያሳርፋል። የእድር መዝገብ፣ የብድርና ቁጠባ ውል፣ የቀበሌ ፎርም ሁሉ እንደዚያ ነበር። ክርክር ካልተነሳ በቀር ያንን አሻራ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። አሁን ግን ነገሩ ተቀይሯል። ጣት መስታወት ላይ ይቀመጣል፣ ማሽኑ እዚያው ያነጻጽራል፣ «ነው» ወይም «አይደለም» ይላል። የባንክ ሒሳብ መክፈትን ጨምሮ ብዙ ጉዳይ በዚህች መልስ ላይ እየተንጠለጠለ ነው።

ከከሚሴ እስከ ባቲ፣ ከሰንበቴ እስከ ጨፋ ሮቢት ያለው ሰው አብዛኛው በእጁ ሠርቶ የሚያድር ነው። በእጅ ሥራ የኖረ ጣት ደግሞ ማሽን ላይ ያስቸግራል። ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ለእኛ አካባቢ የቴክኖሎጂ ወሬ ብቻ አይደለም። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እምቢ እንደሚልና እምቢ ሲል ምን ማድረግ እንደሚቻል በቅደም ተከተል አዘጋጅተነዋል። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ይዛችሁ ብትሄዱ ይቺን ያዙ፦ ማሽኑ «አይደለም» ስላለ እናንተ እናንተ አይደላችሁም ማለት አይደለም።

🔹 ፋይዳ ምንድን ነው?

ፋይዳ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ነው። የሚያስተዳድረው ብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም ሲሆን፣ ሕጋዊ መሠረቱ የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። ስሙን መተርጎም አያስፈልግም፤ «ፋይዳ» በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጥቅም ማለት ነው፣ ከዓረብኛ የመጣ ቃል ነው።

ሥርዓቱ የተገነባው ሞሲፕ በሚባል፣ ህንድ ባንጋሎር በተጀመረና ማንኛውም ሀገር በነጻ ሊጠቀምበት በሚችል ሶፍትዌር ላይ ነው። ፊሊፒንስና ሞሮኮም ይጠቀሙበታል። የዓለም ባንክም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ለዚሁ ሥራ 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል።

ምዝገባው በነጻ ነው። «ላስመዝግባችሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ካለ ተጠንቀቁ። የታተመ ካርድ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ክፍያ አለው። ካርዱ ባይኖራችሁም ቁጥራችሁ ይሠራል።

የብሔራዊ ባንክ መመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል። አካሄዱ ደረጃ በደረጃ ሌላውንም አካባቢ የሚጨምር ነው። «እኔ ገጠር ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚባልበት ጊዜ እያለፈ ነው።

🔹 ምን ይመዘገባል? ምንስ አይመዘገብም?

ሲመዘገቡ የሚወሰደው ሁለት ዓይነት መረጃ ነው።

አንደኛው ተራ መረጃ ነው፦ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ ዜግነት፣ እንዲሁም ስልክ ያለው ስልኩን ይሰጣል።

ሁለተኛው ባዮሜትሪክ የሚባለው ነው። ባዮሜትሪክ ማለት በቃ ከሰውነት የሚወሰድ መለያ ማለት ነው፦ የአሥሩም ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች አይሪስ (የዓይን ጥቁሩ ክፍል ዙሪያ ያለው ቀለማም ቀለበት) እና የፊት ፎቶ።

የማይመዘገበውንም እንናገር፦ ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቅም። የቀበሌ መታወቂያ ብሔርን ይጽፍ እንደነበር የምታውቁት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ባለው መንገድ ላይ ለሚመላለስ ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። መታወቂያው ማን እንደሆናችሁ እንጂ ከማን ወገን እንደሆናችሁ አይናገርም።

🔹 ማሽኑ እንዴት ነው የሚያውቀን?

አሻራ ማንበቢያው ጣታችሁን ፎቶ ያነሳል። ከፎቶው ላይ ግን የሚፈልገው ሙሉ ምስሉን አይደለም፤ የቆዳው መስመሮች የሚያልቁበትንና ለሁለት የሚከፈሉበትን ነጥቦች ነው። እነዚያን ነጥቦች ወደ ቁጥር ቀይሮ ያስቀምጣል።

ከዚያ በኋላ ሁለት የተለያየ ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

አንደኛው ስትመዘገቡ የሚሠራው ነው። ሥርዓቱ የእናንተን አሻራና ዓይን ከዚህ በፊት ከተመዘገበው ሰው ሁሉ ጋር ያነጻጽራል። ዓላማው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩ እዚያው የማይሰጣችሁ፤ ማጣራቱ ሲያልቅ በስልክ መልእክት ይመጣል።

ሁለተኛው አገልግሎት ስትፈልጉ የሚሠራው ነው፣ ማረጋገጥ ይባላል። ቁጥራችሁን ትሰጣላችሁ፣ ጣታችሁን ታስቀምጣላችሁ፣ ሥርዓቱም ይህ ጣት በዚህ ቁጥር ከተመዘገበው ጋር ይመሳሰላል ወይ? የሚለውን ብቻ ያያል። ከሌላ ሰው ጋር አያነጻጽርም።

«ይመሳሰላል» ነው ያልነው፤ ልብ በሉ። አንድን ጣት ሁለት ጊዜ ብታስቀምጡ ሁለቱ ምስሎች ፍጹም አንድ አይሆኑም። አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ፣ አንዴ ዘመም ይላል። ስለዚህ ማሽኑ የሚሰጠው ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ከተወሰነ መጠን ካለፈ «ነው»፣ ካላለፈ «አይደለም» ይላል።

ነገሩ እንደ ወንፊት ነው። ወንፊቱ በጣም ከጠበቀ ጥሩው ዱቄትም ከላይ ይቀራል፤ በጣም ከሰፋ እንክርዳዱም አብሮ ያልፋል። ማሽኑም ከጠበቀ ትክክለኛውን ሰው ይመልሳል፣ ከላላ ሌላ ሰው ያሳልፋል። ስህተት የሌለው ማሽን የለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስህተት ሲሠራ ማን ይከፍላል?» የሚለው ነው።

🔹 ለምን እምቢ ይላል?

👉 ያለቀ ጣት። አጨዳ፣ ድንጋይ ካብ፣ ሲሚንቶ፣ በበረኪና ልብስ ማጠብ የጣትን መስመር ይልጣሉ። ገበሬ፣ ግንበኛ፣ ቀን ሠራተኛ፣ ዓረብ ሀገር ቤት ውስጥ ሠርታ የተመለሰች እህት ሁሉ ይመለከታቸዋል። ዕድሜ የገፋ ሰው ቆዳውም ስለሚደርቅና ስለሚሳሳ ይብስበታል።

👉 ሂና። ለሠርግና ለዒድ ጣት ጫፍ ላይ ወፈር ብሎ የተቀባ ሂና አንዳንድ ማንበቢያዎችን ሊያስቸግር ይችላል። የምዝገባ ቀጠሮ ካላችሁ ሂናውን ከምዝገባው በኋላ ብታደርጉት ይሻላል።

👉 ደረቅ፣ እርጥብ ወይም የቆሸሸ ጣት። የማሽኑ መስታወት መቆሸሽም ያው ነው። ከእናንተ በፊት ሃምሳ ሰው ነክቶታል።

👉 የዓይን ችግር። የዓይን ሞራ ወይም በትራኮማ የተጎዳ ዓይን ለአይሪስ ንባብ ያስቸግራል። የአማራ ክልል በትራኮማ በብዛት ከተጎዱ አካባቢዎች አንዱ መሆኑ ይታወቃል።

👉 ኔትወርክ። በጣት ማረጋገጥ ከማዕከሉ ጋር መገናኘት ይፈልጋል። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። መስመር በሌለበት ጣታችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዋጋ የለውም።

👉 ስምና ዕድሜ። ይሄኛው የጣት ችግር አይደለም፤ ግን ብዙ ሰው «ማሽኑ እምቢ አለኝ» የሚለው በዚህ ነው። ባንክ ደብተሩ ላይ መሐመድ፣ ፋይዳው ላይ ሙሐመድ። እዚያ ሰይድ፣ እዚህ ሰኢድ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የባሰ ይለያያል። የትውልድ ዘመን በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ሲምታታ ሰባት ስምንት ዓመት ይዞ ይሄዳል። ጣቱ ያልፋል፣ ስሙ ያስቆማል።

🔹 እሺ፣ እምቢ ሲል ምን ይደረግ?

1. እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ። ቆዳው የደረቀ ከሆነ ትንሽ ቅባት ቀብታችሁ ጥረጉት። መስታወቱም እንዲጠረግ ጠይቁ። ብዙው ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል።

2. ሌላ ጣት ሞክሩ። የተመዘገበው አሥር ጣት ነው። አውራ ጣት ካለቀ ቀለበት ጣት ሊሠራ ይችላል፤ የማትሠሩበት እጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

3. ሌላ መንገድ ጠይቁ። ሥርዓቱ በጣት ብቻ አይደለም የሚያረጋግጠው። በዓይን፣ በፊት ወይም በተመዘገበ ስልክ ላይ በሚላክ የአንድ ጊዜ የሚስጥር ቁጥር ማረጋገጥ ይቻላል። የትኛው እንደሚሠራ የሚወሰነው መሥሪያ ቤቱ ባለው መሣሪያ ነው፤ ግን ካልጠየቃችሁ አይነገራችሁም።

4. ካርዱ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ አስነብቡ። ኔትወርክ ባይኖርም መረጃው ትክክለኛ መሆኑን ማየት የሚቻልበት መንገድ ይሄ ነው። መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ የታተመ ካርድ መያዝ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል።

5. የተመዘገበ ስልካችሁን አትጣሉ። የሚስጥር ቁጥሩ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ዓረብ ሀገር ስትሄዱ ሲሙ ተዘግቶ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ለምታምኑት ቤተሰብ አስቀምጡ፤ ወይም ቁጥሩን በምዝገባ ጣቢያ ቀይሩ።

6. ስም ወይም ዕድሜ ከተሳሳተ አስተካክሉ። ማስረጃ ይዞ ምዝገባ ጣቢያ ሄዶ ማስተካከል ይቻላል። ስትመዘገቡም ከመነሳታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ወላጅ ካላችሁ አብራችሁት ሂዱ።

ጣት ወይም ዓይን የሌለው ሰውስ? ሥርዓቱ ይህን የሚይዝበት መንገድ አለው፤ መዝጋቢው የጎደለውን ክፍል «የለም» ብሎ ምልክት ያደርግና በቀረው ይመዘግባል። «እጅ ስለሌለህ አትመዘገብም» የሚባል ነገር የለም።

🔹 ምንም ሰነድ ለሌለው

በሽሽት ሰነዱ የጠፋበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ወይም ከነጭራሹ መታወቂያ አውጥቶ የማያውቅ ሰው አለ። የቀበሌ መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ካለ በዚያ ይመዘገባል፤ ከሌለ ራሱ ፋይዳ ያለው ሰው ምስክር ሆኖ ሊያስመዘግበው ይችላል። በጋ ላይ ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ ሣር የሚወርደው አርብቶ አደርም በዚህ መንገድ መመዝገብ ይችላል።

🔹 የሌላው ሀገር ልምድ ምን ይላል?

ህንድ አድሃር የሚባል ተመሳሳይ ሥርዓት አላት፤ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል። ብዙ ድሃ ሰው በቀላሉ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት ረድቷል። ግን ራሽን የሚሰጠው አድሃርን ካገናኙ በኋላ ብቻ ሲሆን፣ እንደ ጃርካንድ ባሉ ግዛቶች የሚገባቸውን እህል ያጡ ሰዎች መኖራቸው በጥናት ተመዝግቧል። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ሥርዓቱ ይቀጥል ብሎ ሲፈቅድ፣ የግል ኩባንያዎች በግዴታ እንዳይጠይቁት ግን ከልክሏል።

ይህ ለእኛም ቅርብ ነው። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ ላይ አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ እየተመነተፈ ነው ብለው በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ አቋርጠው ነበር። ሲመለሱ ካስቀመጡት ማስተካከያ አንዱ የተረጂዎች ዲጂታል ምዝገባ ነው። ሌባን ለመያዝ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሌባን የሚያስቆመው ማሽን ጣቷ ያለቀውን እናት አብሮ እንዳያስቆም መጠየቅ አለብን። እርዳታ ወይም ሴፍቲኔት የሚያከፋፍል ሰው «ማሽኑ እምቢ አለ፣ ሂጂ» ብሎ መሸኘት የለበትም፤ ሁለተኛ መንገድ አዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

🔹 ጥንቃቄ

የሚስጥር ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል። ጣት ግን አይቀየርም። ስለዚህ፦

✔️ ጣታችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቁ። የመሥሪያ ቤት የሰዓት መቆጣጠሪያ አሻራ ከፋይዳ ጋር አይገናኝም፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚይዘው ነው።

✔️ ፋይዳ ሁለት ቁጥር አለው። ባለ 12 አሃዙ የእናንተ ዋና ቁጥር ነው፤ ለሰው ለማሳየት የተዘጋጀው ካርዱ ላይ ያለው ባለ 16 አሃዝ ነው። ባለ 12ቱን በየቦታው አትበትኑ፣ ፎቶ አንስታችሁም ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ።

✔️ በስልክ የመጣላችሁን የሚስጥር ቁጥር ለማንም አትንገሩ። «ከፋይዳ ነው የምደውለው» ቢልም እንኳ።

✔️ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። መረጃችሁን የሚይዝ ድርጅት ለምን እንደያዘው የመጠየቅና የተሳሳተውን የማስተካከል መብት ሰጥቷችኋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በመጨረሻም፦ ማሽኑ ሲመልሳችሁ ከመስኮቱ ዞር ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሌላው መንገድ የቱ ነው?» ይህን ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ እናትና አባት፣ አያትና ጎረቤት ካሏችሁ አንብቡላቸው፤ አፋን ኦሮሞ ለሚቀላቸው በአፋን ኦሮሞ ንገሯቸው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው እነሱን ነው።