የሕፃናት ትምህርት ቤት ፈቃድና ዋጋው

ትምህርት ቤት ለመባል ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛው የሚያስተምር ሰው፥ ሁለተኛው ትምህርት ቤት መሆኑን የሚያውቅለት ባለሥልጣን ነው። አስተማሪው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይገኛል፤ የመንግሥት ዕውቅና ግን ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ዋጋውን ይዞ ነው። ይህን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ መመርመር የሕፃናትን ትምህርት ታሪክ ለማስተዋል ይረዳል።

ፍሪድሪኽ ፍሮበል የተባለው ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1837 የሕፃናት ማስተማሪያ ከፍቶ፥ በ1840 «የሕፃናት የአትክልት ቦታ» የሚል ትርጕም ያለው ስም ሰጠው። ይሁን እንጂ በ1851 የፕሩስያ መንግሥት እንዲህ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ከለከለ። ፍሮበል በ1852 ሲሞት ክልከላው ገና አልተነሣም ነበር፤ የተነሣውም በ1860 ነው።

በአገራችን ፊደልና ዳዊት ያስተማሩት የቄስ ትምህርት ቤቶች፥ ቍርአን ያስተማሩትም እንዲሁ፥ የመንግሥት ፈቃድ ሳይጠይቁ ኖረዋል። ዕውቅናቸው የወላጅ እምነት፥ ደመወዛቸውም ሕዝቡ የሚያዋጣው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ሕፃናት መዋዕለ ሕፃናትን ቢወስንም፥ መክፈቱ በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፥ ለሃይማኖት ተቋማትና ለበጎ አድራጊ ድርጅቶች ተተወ። ለፈቃዱ የሚጠየቀው ቅጥር ግቢ፥ መጸዳጃ ቤት፥ መጫወቻና የሠለጠነ መምህር ሁሉ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡም ዞሮ ዞሮ በወላጅ ወርኃዊ ክፍያ ላይ ያርፋል። ከዚህም የተነሣ መዋዕለ ሕፃናት የከተማና የባለገንዘብ ሆኖ ቈየ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፥ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች አንድ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። «ኦ ክፍል» የተባለውም ከመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ስለ ተያያዘ፥ የገጠሩ ሕፃን በታላቁ ትምህርት ቤት ጥላ ሥር ዕውቅናን አገኘ።

ከድንበሩ ማዶም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. የ1907 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት የቦረናን አገር ከሁለት ከፈለው፤ ሞያሌም በሁለት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ትኖራለች። ኦቦ በኬንያው ሞያሌ በማርሳቢት አውራጃ የሚገኝ ነው። ኬንያ በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላ፥ «ሐራምቤ» በተባለው የመረዳጃ ልማድ ወላጆች የሕፃናት ትምህርት ቤት ሠሩ፤ የአስተማሪውንም ደመወዝ ከኪሳቸው ከፈሉ። በ1984 ብሔራዊ የሕፃናት ትምህርት ማእከል ተቋቋመ፤ መምህራንም ሥራቸውን ሳይለቁ በዕረፍት ወራት ለሁለት ዓመት እየሠለጠኑ የምስክር ወረቀት የሚያገኙበት መንገድ ተዘረጋ። በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ ሲሆን ሕፃናቱ ግን አልተካተቱም፤ ስለዚህ ታላቁ በነጻ ሲማር ለታናሹ መክፈል ግድ ሆነ። የ2010 ሕገ መንግሥት ኀላፊነቱን ለአውራጃዎች ሰጠ፤ የ2013 የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ ደግሞ ያለ ዕውቅናና ያለ ምዝገባ ማስተማርን ከለከለ።

ይህ ሕግ በናይሮቢና በኦቦ አንድ ነው፤ አቅሙ ግን አንድ አይደለም። በእንደዚህ ያለው ደረቅ አገር ከብቱን ተከትሎ የሚጓዝ ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ውሃ እንኳ ከሩቅ የሚቀዳበት መንደር መጸዳጃውንና የሠለጠነውን መምህር በራሱ ወጪ ያሟላ ቢባል፥ ዕውቅና ማግኘቱ ይቀርና ትምህርቱም ይቀራል።

ይህ ሲባል መመዘኛው ይሻር ማለት አይደለም። ሕፃን በሚፈርስ ግድግዳ ሥር፥ በንጹሕ ያልሆነ ውሃ፥ ባልሠለጠነም ሰው እጅ ሊቀመጥ አይገባውም። ነገር ግን መመዘኛን የሚያወጣ መንግሥት ለመመዘኛው የሚሆነውን ወጪ አብሮ ካላሰበ፥ ፈቃዱ ሕፃኑን የሚጠብቅ አጥር መሆኑ ቀርቶ በደጅ የሚያስቀር በር ይሆናል። ስለዚህ መርማሪው ወደ ድኻው መንደር ሲሄድ የጐደለውን መዝግቦ ብቻ አይመለስ፤ የጐደለውን በማን ገንዘብና በስንት ጊዜ ማሟላት እንደሚቻልም ጽፎ ይመለስ።